ትርፍ ብሎን

ሐሙስ ማታ ነው የጀመረው። ከመጦሪያው ማድ ቤት ወጥቼ
ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብይዝ ጮኸ፤ ብረት ብረት ሲበላ ሰምቼ
ሞተሬን በእግሬ እየገፋሁ ቂርያት ጋት ገባሁ አምሽቼ።

ዓርብ በጧት ጋራዥ ሄድኩኝ። ሚሞን ጎንበስ እንኳ አላለ፤
ሞተሩን ሳይሆን ጫማዬን አየና፣ «ስምንት መቶ ሸቀል» አለ።
የፍሬን ሸራውን ብቻ ገዝቼ፣ «እቤቴ እፈታዋለሁ» አልኩት፤
ሳቀ። ሳቁን ከሸራው ጋር ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት።

ከሕንፃው ሥር፣ ከቆሻሻ ገንዳው ጎን፣ በርጩማ አውርጄ፣ ካርቶን አንጥፌ
ጀመርኩ። ከአራተኛ ፎቅ አርካዲ የመፍቻ ሣጥኑን ይዞልኝ መጣ፤
ዕብራይስጡ ከእኔም የባሰ ነው፤ «ቀስ፣ ቀስ» ብቻ ነው ከአፉ የወጣ።
ልጄ ሞሪያ ስልኳን ደቅና፣ አንድ ሰው ሲፈታ እያሳየችኝ፣
«እማ፣ የእሱ የመካኒክ ጓንት ነው፤ ያንቺ የሳህን ማጠቢያ!» ብላ ሳቀችብኝ።

እኔ ብረት አልፈራም፤ ወናፍ ስነፋ ነው ያደግኩት፣
አባቴ ማረሻ ሲቀጠቅጥ፣ ማጭድ ሲስል ያየሁት።
ቀን ያስጠገነው ሰው፣ ማታ በራችንን ሲያልፍ ያማትብ ነበር ፈርቶ፤
«ብረት ሐሜት አይሰማም» ይለኝ ነበር አባቴ፣ ፊቱ በፍም በርቶ።

ብሎኑ ዝጎ እምቢ አለ። ዘይት አጠጣሁት፣ ጠበቅሁት፤
እንደ እልኸኛ ሽማግሌ፣ በልመና በልመና ፈታሁት።
አሮጌው ሸራ ወጣ፤ እንደ ቅጠል ሳስቶ፣
ዲስኩን ቦይ ቦይ አርሶ፣ የራሱን ገላ በልቶ።
አዲሱን አስገባሁ። የፍሬን ዘይቱን ቀየርኩ፤ አየሩን በአረፋ አስወጣሁት።
ካቴናውንም ላጽዳ ብዬ ብሩሽ ሳነሳ፣ ሞሪያ «ካቴና?» ብላ ደነገጠች፤
«የእጅ አይደለም፣ የሞተር ነው» አልኳት።
የጎረቤታችን ልጅ ትዝ ብሏት ዝም አለች።

ፀሐይ ከሕንፃው ጀርባ ስትገባ፣ ሁሉንም መልሼ ገጥሜ፣
እጄን በስኳርና በሳሙና ፈትጌ፣ ለሰንበት ልለብስ ቆሜ፣
ካርቶኑን ሳነሳ
ጠብ አለ።
አንድ ብሎን። ትርፍ።

ከየት? ጊዜ የለም። ሻማው ተለኮሰ። ሰንበት ገባች።
ሰንበት ብረት አይነካም፤ አባቴ ገና ፀሐይ ሳለች
ፍሙን አፈር ያለብስ ነበር፤ መዶሻውም ታርፍ ነበረች።
እጄስ ዐረፈ። ልቤን ግን ማን ያሳርፍልኝ?
ነጠላዬን ለብሼ ቁጭ ብዬ፣ በሐሳቤ ሞተሩን ፈታሁ፤
መልሼ ገጠምኩ፤ አንድ ሲተርፈኝ፣ ደግሜ ፈታሁ።
እንግዶች መጡ። አንዷ ልጇን ልትድር ነው፤
እኔ አንገቴን እየነቀነቅሁ፣ የማየው መስኮቱ ላይ ያለውን ነው።
የፍሬኑ ከሆነስ? የመሪው ከሆነስ? ኧረ የማነው?
«ብሎኗ የላላ» የሚሉት ነገር እንግዲህ በእኔ ይተረታል፤
ያም ፀሐይ እየሞቀ፣ «ፈልጊኝ» የሚለኝ ይመስላል።

ማታ ሦስት ኮከብ ቆጠርኩ። አንዱ አውሮፕላን ነበር፤
እንደገና ቆጠርኩ። አርካዲ ባትሪ ይዞ ወረደ፣ ሳያማርር።
እስከ እኩለ ሌሊት ፈታን። ቀዳዳው ሁሉ ብሎን አለው፤
አርካዲ ራሱን አከከ፤ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ከዚያ ነው» አለኝ፣ «ከዚያ ነው።»

እሑድ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደረስኩ፤
የእጄን ፍሬ፣ ፍሬኔን ያዝኩ።
ቀጥ።
ድምፅ የለም። አንዲት ድመት ከግንቡ ላይ አየችኝ።
ትንሽ ነዳሁ፤ ያለ ምክንያት ደግሜ ያዝኩ። ቀጥ።

ከሥራ መልስ፣ ሰገነቱ ላይ፣ ጫማዬን ላወልቅ በርጩማዬን ሳብኩ፤
የዓርቧን፣ ታች የተቀመጥኩባትን። ቁጭ ስል ከነእግሯ ተንደባለልኩ።
ወለሉ ላይ ተዘርግቼ ሳያት፣ አንዱ እግሯ ተነቅሏል፤
በመጋጠሚያው ላይ ባዶ ቀዳዳ ወደ እኔ አፍጥጧል።

ሞሪያ ሮጣ መጣች። «እማ! ሞተሩ ጣለሽ?»
«ሞተሩስ ቆሟል» አልኳት። «ለሚሞን እንዳትነግሪ።
ባለ አሥሩን መፍቻ አምጪልኝ።»